«እንደ ባዳ እርስዎ አለችኝ»

ወሎ ውስጥ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ አንድ ገጠር ነው። ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። ቡና ይቆላል። ጎረቤቱ ደጁን ሞልቶ ቆሟል። እናትየዋ ልጇን አቅፋ አልቅሳ፣ አልቅሳ፣ በመጨረሻ ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ አለች። ልጅቷም አጠገቧ ተቀመጠች። በአራት ዓመቷ በጉዲፈቻ አሜሪካ ሄዳ በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው የተመለሰችው። አማርኛ አትችልም። እኔ ላስተረጉም አብሬያት ሄጃለሁ።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስለ እኔ ታስቢ ነበር?» የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ ግን አንቺም፣ አንቱም፣ እርስዎም አንድ ቃል ናቸው። እኔ ለትልቅ ሰው መናገሬ ነውና በከተማ ወግ «እርስዎ ስለ እኔ ያስቡ ነበር ወይ?» ብዬ አቀረብኩት። የእናትየዋ ፊት ጠቆረ። ልጇን ተወት አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ምነው? እንደ ባዳ እርስዎ አለችኝ?»

ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሷም «አብሽር ልጄ» አለችኝ። ነገሩ ግን ከቤቱ አልወጣም። ማታ ደሴ ስንገባ ልጅቷ እናቷ ምን ብላ እንደነበር ጠየቀችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ራሴ አንቺ ልበላት አንቱ ልበላት አላውቅም እኮ» አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለሦስት ሰዎች የድምፅ መልእክት መላክ ጀመረች። ሦስቱም እንደ እሷ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ሄደው ያደጉ ናቸው። አንዷ እንዲህ ያለ ቀን አሳልፋ ተመልሳለች። አንዱ እናቱን ሲፈልግ መቃብሯን ነው ያገኘው። ሦስተኛዋ ገና ለመፈለግ አልደፈረችም። እስከ እኩለ ሌሊት ሲመላለሱ አመሹ። ጠዋት ሳገኛት ፊቷ ሌላ ነበር።

ያን ቀን ከእሷ ጋር የዋልኩት እኔ ነኝ። እናቷም፣ እህቶቿም፣ መንደሩ በሙሉ አብሯት ውሏል። ያሳረፏት ግን በሦስት የተለያዩ ከተሞች ያሉ፣ ሐይቅን አይተው የማያውቁ ሦስት ወጣቶች ናቸው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የዚያ ሌሊት ነገር ነው።

ለምን አሁን?

ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሚደረግ ጉዲፈቻ ቆሟል። ፓርላማው በጥር 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ነው የከለከለው። ከዚያ በፊት ግን አገሪቱ በዓለም ላይ ብዙ ልጆች በጉዲፈቻ ከሚወጡባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። ወደ አሜሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካውያን ልጅ ከወሰዱባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ነበረች። ወደ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ቤልጂየም የሄዱትም ጥቂት አይደሉም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በቀን የሚያየውን ፋይል ከ50 ወደ 5 ዝቅ ሲያደርግ ነው ነገሩ መቀዝቀዝ የጀመረው።

አስቡት። በዚያ ጫፍ ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓመታቸው አውሮፕላን የተሳፈሩት ልጆች ዛሬ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ስድስትና ሰባት ዓመት ሆኗቸው የሄዱት ደግሞ ሥራ ይዘዋል፣ አንዳንዶቹ ወልደዋል። ፋይላቸውን ራሳቸው መጠየቅ የሚችሉበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው «ልጆቹ የት ደረሱ?» መሆኑ ቀርቷል። ትልልቅ ሰዎች ሆነው በራችንን እያንኳኩ ነው። በሩን የምንከፍተው ደግሞ እኛ ነን። ከወሎ የሄዱ አሉ። ብዙዎቹ የሄዱት ከደቡብና ከአዲስ አበባ ነው፤ ግን እዚህም ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ላይ ፎቶ ይዘው «ይቺን ሴት ታውቋታላችሁ?» የሚሉ ወጣቶች አይቻለሁ።

ክልከላው ለነገ የሚሄዱትን ያስቀራል። ለሄዱት ምንም አላለም። ሕጉ ሲወጣ ስለ ልጆች ደህንነት ብዙ ተወርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት የ13 ዓመት ትውልደ ኢትዮጵያዊት በአሳዳጊዎቿ እጅ ተሠቃይታ መሞቷ፣ አሳዳጊዎቿም በ2013 ተፈርዶባቸው እስር ቤት መግባታቸው የብዙ ሰው ልብ ሰብሯል። ትክክል ነው፣ ሊሰብር ይገባል። ነገር ግን አብዛኞቹ የተደበደቡ ልጆች አይደሉም። በሚወዷቸው ሰዎች ቤት ያደጉ ናቸው። እነሱም ግን ይጨነቃሉ። ይህን ነው ብዙ ሰው የማይገባው።

አደራ እና ወረቀት

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ማሳደግ ከሚለው ግስ። በኦሮሞ ባህል ልጁ በወግ ተሰጥቶ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል። ስለ ወለዱት ግን አይዋሽም። በአማራው በኩል ማደጎ አለ። ድሮ ደግሞ የጡት ልጅ የሚባል ነበር። ጣት በማር ተነክሮ ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ የጡት አባትና የጡት ልጅ ናቸው። በእስልምና የቲም (ወላጅ የሌለው ልጅ) ማሳደግ ትልቅ አጅር (ምንዳ) አለው፤ ልጁ ግን በወላጅ አባቱ ስም ይጠራል። ቁርኣኑ «በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው» ይላል። ያጠባችው ሴት ደግሞ የጡት እናቱ ትሆናለች። ወሎ ውስጥ እነዚህ ሁሉ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት አሉ። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ልጁ ሰው ይጨምራል እንጂ አይቀነስበትም።

ሕጋችንም ከዚህ ብዙ አልራቀም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር ይናገራል። ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስርም እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ሁለቱ ሲጋጩ የአሳዳጊው ይቀድማል። አሜሪካ ላይ ግን ጉዲፈቻ ሲጸድቅ የወላጅ መብት ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል። ስሙ ይለወጣል። አዲስ የልደት ወረቀት ይወጣለታል፤ እናት ተብላ የምትጻፈውም አሳዳጊዋ ናት።

እንግዲህ አንዲት የወሎ እናት ጣቷን ቀለም ነክራ ስትፈርም የገባት ምን ነበር? የገባት አደራ ነው። «ልጄን ያስተምሩልኛል፣ ትልቅ ሲሆን ይመጣል፣ በየጊዜው ፎቶ ይልኩልኛል።» ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል። ይህ ያለመግባባት በአንድ ክፉ ሰው ብቻ የመጣ አይደለም። ሁለት የቤተሰብ ትርጉም በአንድ ፊርማ ላይ ተገናኝተው ነው። ክፉ ሰዎችም ነበሩ። በሕይወት ያለች እናት ሞታለች ተብሎ የተጻፈበት ፋይል አለ። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሦስት ተብሎ የተጻፈበት አለ። ልጁ አድጎ ፋይሉን ሲከፍት ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል፤ ያለመግባባቱንም፣ ውሸቱንም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይለት ሰው የለም።

እርም ያልወጣለት

አማርኛ ለዚህ ጭንቀት ከማንም የተሻለ ቃል አለው። እርም ማውጣት።

ሰው ሲሞት ይለቀሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ቅሬው (የወሎ እድር) ይሰበሰባል፣ ለሦስት ቀን ሰው ከቤት አይጠፋም። ሐዘንተኛው እርሙን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ሐዘኑ ባይጠፋም ቦታ አለው። የጠፋ ሰው ግን እርሙ አይወጣም። «ሞቶም እንደሆን እርሜን ባወጣሁ» የሚሉ እናቶች ከዘመቻ ሳይመለሱ የቀሩ ልጆች ያሏቸው ናቸው። ፓውሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ጉዳይ ማጥናት ጀምራ ስም አውጥታለታለች። ሐሳቧ ሲጠቃለል፣ ያልሞተ ግን አብሮ የሌለ ሰው የሚያስከትለው ሐዘን ከሞት ሐዘን በበለጠ የሚያደክመው መጨረሻ ስለሌለው ነው የሚል ነው። የወሎ እናቶች ይህን ያለ ትምህርት ያውቁታል።

ጉዲፈቻ ሄዶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ሐዘን ይዞ ነው የሚኖረው። ከሌላው የሚለየው ማንም ሐዘን ነው ብሎ አለመቁጠሩ ነው። «ዕድለኛ ነሽ» ይሏታል። እዚህ ስትመጣ ደግሞ እኛ ራሳችን «አንቺማ ተመስገን በይ፣ አሜሪካ አድገሽ!» እንላታለን። ክፋት የለንም። በየቀኑ በባሕርና በበረሃ ልጅ የሚሰደድበት አገር ነን፤ በሕጋዊ ፓስፖርት የሄደ ሰው ምን ያስለቅሰዋል ብለን ነው። እሷ ግን ያን ስትሰማ አፏን ትዘጋለች። ሐዘኗን ብትናገር ምስጋና ቢስ ልትባል ነው፣ እዚያም እዚህም።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው የሚቀሰቅሱት። ሐኪም ቤት «በቤተሰብህ ስኳር፣ ደም ግፊት አለ?» የሚል ቅጽ ይሰጡታል። ባዶ ያደርገዋል። የልደት ቀኑ ይከበርለታል፤ እሱ ግን ቀኑ ቢሮ ውስጥ የተገመተ መሆኑን ያውቃል። ነጮች መካከል ያደገች ጥቁር ልጅ ፀጉሯን የሚሠራላት ሰው አጥታ ትሸማቀቃለች። ሀበሾች መካከል ስትገባ ደግሞ በአማርኛ ያናግሯትና መመለስ ሲያቅታት «ቋንቋሽን ረሳሽው?» ይሏታል። ከሁሉም የከፋው ብዙዎች የሚነግሩኝ ልጅ ሲወልዱ ነው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመስላቸው ሰው ያያሉ። አንዲት ሴት ሕፃኗን ይዛ ሦስት ቀን አለቀሰች። ባሏ የወሊድ ድካም መስሎት ነበር።

ጥናቶችም ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የስዊድን ጥናት ከውጭ አገር በጉዲፈቻ የመጡ ከ11,000 በላይ ሰዎችን አይቷል። ራስን የማጥፋትና የሙከራ አጋጣሚው ከሌላው የስዊድን ልጅ ጋር ሲነጻጸር ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በ2013 በአሜሪካ ሚኒሶታ የተደረገ ሌላ ጥናትም የሙከራው ዕድል በጉዲፈቻ ባደጉት ላይ ወደ አራት እጥፍ እንደሚጠጋ አገኘ። በሁለቱም ጥናቶች አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ቁጥሩን የሰማ ሰው ጉዲፈቻ ያደገን ሁሉ እንደ በሽተኛ እንዳያይ ነው። ግን የሚታመመው ሰው ብዙ ነው፣ የሚታመመውም ብቻውን ሆኖ ነው።

አቻ የሚያደርገው ነገር

አሁን ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ሦስቱ ወጣቶች ምን አደረጉላት?

ቆይቼ ጠይቄያት ነበር። ምንም አልመከሯትም። «አንቺ በያት» ወይም «አንቱ በያት» አላሉም። አንዷ «እኔም ያን ቀን እናቴ ስታቅፈኝ ምንም አልተሰማኝም፤ ጭራቅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አለቻት። በቃ። እሷም ስታቀፍ ምንም አልተሰማትም ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ለእኔ ልትነግረኝ አትችልም። ለአሜሪካዊት እናቷ ብትነግራት ወይ ደስ ይላታል ወይ ታዝናለች፤ ሁለቱም ይከብዳሉ። ለሐይቋ እናቷ እንዴት ብላ ትነግራታለች? ያን ቃል ያለ ሸክም መቀበል የሚችለው በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ብቻ ነው።

በዚህ መልክ የተሰባሰቡ ቡድኖች በየአገሩ አሉ። አሠራራቸው ቀላል ነው። የሚመራው ራሱ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ነው። በአካል ወይም በስልክ ይገናኛሉ። እዚያ የተባለ ነገር ከዚያ አይወጣም። ምክር ያልጠየቀ አይመከርም። «ግን እኮ አሳዳጊዎችሽ ጥሩ ናቸው» ማለት ክልክል ነው። አንዳንዱ የሚመጣው ፍለጋ ሊጀምር ሲል ነው፣ አንዳንዱ የጄኔቲክ ምርመራ ውጤት ሲደርሰው፣ አንዳንዱ ቤተሰቡን አግኝቶ ከተመለሰ በኋላ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ትኩረት የሚፈልግ ነው። ሰው ቤተሰብ ሲያገኝ ነገሩ ያበቃ ይመስለናል። ብዙዎቹ ግን ክፉኛ የሚወድቁት ከተመለሱ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ተስፋ ያደረጉት ነገር ሆነ፤ ባዶው ግን አልሞላም።

ኮሪያውያን በዚህ ቀድመውናል። ከዚያ አገር ወደ ውጭ የወጡት ልጆች ወደ 200,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። አድገው እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ሴኡል የተመለሱት ተሰባስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ለመጪዎቹ አስተርጓሚ ያገኛሉ፣ ፍለጋ ያግዛሉ። በ1999 ደግሞ 400 የሚሆኑ በዋሽንግተን ከተማ ትልቅ ስብሰባ አደረጉ። እርስ በርስ ሲያወሩ ነው የብዙዎቹ ወረቀት አንድ ዓይነት ስህተት እንዳለበት ያወቁት። ጩኸታቸው ቀጥሎ በ2025 የአገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን መንግሥት የልጆቹን መብት እንደጣሰ ይፋ አደረገ። መጀመሪያ ግን ቡና ላይ የተደረገ ወሬ ነበር። የኛዎቹም ጀምረዋል። ቤተሰብ ፍለጋ የሚባለው ድርጅት ልጅ የሰጡ ወላጆችንና ያደጉ ልጆችን በነፃ መዝግቦ ለማገናኘት የሚሠራ ነው፤ በብዙ ወጣቶች አፍ ላይ ስሙ አለ።

አቻ ግን ሐኪም አይደለም። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ ሰው ወደ አእምሮ ሐኪም መሄድ አለበት። ጥሩ ቡድን ይህን ያውቃል፤ አብሮት ይሄዳል እንጂ በወሬ አያቆየውም።

እዚሁ የቀሩት

እስካሁን ስለ ፈረንጅ አገር ልጆች ጻፍኩ። ልቤ ግን ግማሹ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ወሎ የማደጎ አገር ነው። በ1966ና በ1977 ድርቅ ስንት ቤት እንደተዘጋ ታውቃላችሁ። በ1977ና 78 ሰፈራ ደግሞ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሲጓዝ ልጅ እዚህ ወላጅ እዚያ የቀረበት ብዙ ነው። እነዚያን ልጆች ማን አሳደጋቸው? ጎረቤት። አክስት። የማያውቃቸው ሰው። ወረቀት የለ፣ ፍርድ ቤት የለ። ዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት ሆኗቸዋል። እነዚህ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቡድን ቀርቶ ስም እንኳ የላቸውም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ሰው አውቃለሁ። ማደጎ መሆኑን ያወቀው ሠላሳ ሊሞላው ሲል ነው፤ በአባቱ ለቅሶ ላይ። ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሁለት የቅሬ ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማ፤ «ውርሱ ለዚህ ልጅ ነው እንዴ? የአብራኩ እኮ አይደለም።» ለቅሶው ላይ ጸጥ አለ። ሰው ከሐዘኑ ብዛት ነው አለ። ከአርባው በኋላ የአባቱ ወንድሞች መጡ። የጽሑፍ ስምምነት፣ በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ስላልነበረ ሕጉ አልረዳውም። በሸሪዓውም ያደገ ልጅ ወራሽ አይሆንም፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ ከሀብቱ እስከ ሲሶ ሊናዘዝለት ይችል ነበር፣ አልተናዘዘም። ቤቱን ለቀቀ። ስለ ቤቱ ሲያወራ አይቆጭም። የሚቆጨው «አባባ ለምን አልነገረኝም?» የሚለው ነው። ሌላ ደግሞ አለው። «መንደሩ በሙሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ አላውቅም ነበር።»

እኛ ሰውን ስንሰድብ «አሳዳጊ የበደለው» እንላለን። ባለጌ ማለታችን ነው። ይህን ስድብ በየቀኑ የምንወረውረው ሳናስብ ነው። ያ ሰው ግን ጋራዥ ውስጥ ጎረምሶች እርስ በርስ ሲሰዳደቡበት ብሎኑን አስቀምጦ ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያ አገር ያደገችው ልጅ ቢያንስ መልኳ ይናገርላታል። የእሱን ማንም አያይለትም።

ሁለቱን አንድ ቀን ለማገናኘት ብዬ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት አስቀመጥኳቸው። የማስተረጉመው እኔው ነበርኩ። ስለ ሥራ ተጠያየቁ፣ ስለ አየሩ ተወራ። ከዚያ እሱ «አንቺስ መቼ ነገሩሽ?» አላት። «ሁልጊዜ አውቅ ነበር፤ ፊታቸው ነጭ ነው» አለች። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ የሳቁበት ነገር የእኔ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ቀጠሉ፤ አንድ አገር ያደጉ ይመስል ነበር። ስለ ልደት ቀን፣ ስለ ቁመና፣ «ማንን ነው የምመስለው» ስለሚለው ጥያቄ። እሱ መስታወት ሲያይ የሚያስበውን ሲነግራት እሷ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

ይህን ስል ሁለቱ ሕይወት አንድ ነው ማለቴ አይደለም። አንዷ ፓስፖርት አላት፣ አንዱ ቤቱን ተነጥቋል። ነገር ግን ወሎ ውስጥ ለሚመለሱት ወጣቶች አቻ ከባሕር ማዶ ብቻ መፈለግ የለብንም። እዚሁ አለ። ለእኛዎቹ ማደጎዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን በግልጽ የሚያወራ ሰው ማየት ይጠቅማቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ከዚያም ወዲህ፣ ከወላጆቻቸው ተለይተው በዘመድ ቤት እያደጉ ያሉ ልጆች አሉ። ዛሬ ዕድሜያቸው ስምንትና አሥር ነው። «ሳይነገረው ይደግ» የሚለው ልማድ ለእነሱም ተዘጋጅቶ እየጠበቃቸው ነው።

እናቶቹስ?

ስለ እናቶቹ ባጭሩ። ልጅ የሰጠች ሴት ለቅሶ አትቀመጥም። ጎረቤት «ልጇን ሸጠች» ብሎ ያማታል። ልጁ ገንዘብ ካላከ ደግሞ «ምን ረባት?» ይባላል። አንዳንዷ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ስለት ትገባለች፣ አንዷ ዱበርቲዎቹ (ለዱዓ የሚሰበሰቡት ሴቶች) ዱዓ ሲያደርጉ የልጇን ስም ታስጠራለች። ያ በራሱ አንድ ነገር ነው። ዱበርቲዎች ዘንድ ሴቷ ብቻዋን አይደለችም፣ ስሙ ይጠራል፣ «አሚን» የሚል ሰው አለ። እኔ ስለ አቻ ድጋፍ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው።

ገንዘብ ግን በግልጽ መነገር አለበት። ልጅ ሲመለስ ዘመድ ይበዛል፣ ጥያቄም ይበዛል። ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ለታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት፣ ለሕክምና። እዚህ አገር ዘመድን መርዳት የዘመድነት ምልክት ነው፤ አለመጠየቅ እንዲያውም መራቅ ነው። እዚያ ያደገው ወጣት ግን «ለካ የፈለጉኝ ለገንዘብ ነው» ብሎ ይሰበራል። ይህን ቀድሞ የሚያስረዳው ሰው ቢኖር ስንት መቀያየም ይቀር ነበር። አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ አበጋሮቹ፣ ደም ያደረቁ ናቸው፤ ሁለት ቤተሰብ ተቀምጦ አንዱ ምን እንደጠበቀ፣ ሌላው ምን እንደፈራ እንዲነጋገር ማድረግ አያቅታቸውም። የሚጠይቃቸው ሰው ነው የጠፋው።

ምን ይደረግ ለሚለኝ ትልቅ ቢሮ አልመኝም። ደሴ ላይ አንድ ክፍል፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ አቦል ቶና በረካ እስኪወርድ። ማደጎ ያደገ፣ ጉዲፈቻ ሄዶ የመጣ፣ ልጅ የሰጠች። መጀመሪያ ለየብቻ፣ ሲለምዱ አንድ ላይ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ስልኩ እንዲታወቅ ብቻ። የቀበሌና የወረዳ ሰዎች የድሮ መዝገብ ሲጠየቁ «ነገ ና» እንዳይሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ብዙ ወጣት ገጠር ድረስ መሄድ አልቻለም፤ ከውጭ መጥቶ ደሴ ላይ ቀርቶ የተመለሰ አውቃለሁ። ለእንዲህ ያለው ሰው እናቱን ከተማ ድረስ የሚያመጣ፣ የሚቀመጡበት ጸጥ ያለ ቤት የሚያዘጋጅ ያስፈልጋል።

አስተርጓሚውም መሠልጠን አለበት። እኔ አልሠለጠንኩም ነበር። አሁን ግን ከማንም ጋር ከመሄዴ በፊት በነበረው ሌሊት ቁጭ አድርጌ እጠይቃለሁ። በእኛ ቋንቋ እናትን አንቺ ማለት አለ፣ አንቱ ማለት አለ፣ እርስዎ ማለት አለ። አንቺ ስትል የቤት ልጅ ነህ፣ አንቱ ስትል ታከብራታለህ፣ እርስዎ ስትል እንግዳ ትሆናለህ። የትኛውን ልበልልህ?

ባለፈው ወደ ውጫሌ አብሬው የሄድኩት ወጣት ብዙ አሰበ። የውሃ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አዙሮ አስቀመጠው።

«ነገ ጠዋት በአንቱ ጀምርልኝ» አለ። «ከሰዓት በኋላ ያለውን እዚያው እነግርሃለሁ።»